ለብረቱ ዋስ የሆንኩበት ቀን

ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ካለችው የስፌት ቤቴ ስለ ብረቶቹ የማይወራበት ቀን የለም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ ወሬ ይዞ ይገባል። አንዱ በአንበሳሜ መንገድ ሲያልፉ አየሁ ይላል፤ ሌላው ላሜ ወተት የነሳችኝ እነሱ ከመጡ ወዲህ ነው ይላል፤ የባጃጅ ሾፌሩ ደግሞ ሁሉንም ገደል መክተት ነበር ብሎ ይፈርዳል። እኔ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ እንጂ አፌን አልከፍትም። የማያገባኝ ሆኖ አይደለም። ከእነሱ ሁሉ የከፋ ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያደረግኩትን ግን ከአባቴና ከሰፈራችን ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

ያኔ ከዓረብ አገር ከተመለስኩ ገና አራት ወር ቢሆነኝ ነው። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ፣ ሁለት ሻንጣ ልብስና የማይበርድ ንዴት ይዤ ጉና ሥር ወዳለው የአባቴ ቤት ገባሁ። እናቴ እኔ እዚያ እያለሁ አርፋለች፤ አባዬ ብቻቸውን ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ምሰሶ ወድቆባቸው ግራ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ በቅሎ የትም አይሄዱም። ሎጋ የምትባል ዳማ በቅሎ ነበረቻቸው። ቤተ ክርስቲያን በሷ፣ ገበያ በሷ፣ ለቅሶ በሷ ነው። ሰው "አያ ውባለም፣ እንዴት ዋሉ?" ሲላቸው "ሎጋ ደህና ናት" ብለው ይመልሱ ነበር። እሷ ከሌለች አባዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ብረቶቹ ከሰማይ የወረዱበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። ሬዲዮኑ ከሌላ ዓለም የተላኩ፣ ነፍስ የሌላቸው ግን የሚያስቡ ናቸው ሲል አባዬ "ነፍስ ከሌለው በምኑ ያስባል?" ብለው ዘጉት አሉ። ሙቀት አይስማማቸውም ተብሎ ወደ ደጋ ደጋው ሲበተኑ አንዱ ለእኛ ሰፈር ደረሰ። ከወረዳ የመጣ ሰው ሕዝቡን ሰብስቦ፣ እንግዳ ነው፣ አትንኩት አይነካችሁም ብሎ አስፈርሞ ሄደ። እኔ ስመለስ ስም ወጥቶለት ነበር፤ ብረቱ ይሉታል።

ቁመቱ ረጅም ሰው ያህላል፣ ቀጭን ነው፣ ቀለሙ ዝናብ የመታው ድንጋይ ነው። ፊት የለውም፤ ዓይን በሚሆንበት ቦታ አንድ ጥቁር መስመር ብቻ አለ። አማርኛ እንደ ዜና አንባቢ ይናገራል፣ ትንሹንም ትልቁንም "እርስዎ" ይላል። አንዴ መንገድ የዘጋችበትን ጥጃ "ይለፉ" ሲላት ሰምቼ ሳቄ አምልጦኛል። መሳቅና ማመን ግን ለየብቻ ናቸው። አይበላም። ተዝካር ላይ መጥቶ፣ እንብላ ሲሉት አልበላም ብሎ፣ ቆሞ ሲያየን ዋለ። እህል አብሮን ያልቀመሰን ፍጥረት በምኑ እንመነው? አያርስም፣ አይነግድም፣ አይተኛም። ጎህ ሲቀድ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይወጣና ፀሐይዋ እስክትሞቅ ይቆማል። ያያል። ምን እንደሚያይ የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ ደግሞ መታየት መሮኝ የመጣሁ ሰው ነኝ። በሠራሁበት ቤት ወጥ ቤቱም ኮሪደሩም ላይ ካሜራ ነበረ፤ ስድስት ዓመት ማንኪያ ሳነሳ ማንኪያ ሳስቀምጥ ሲያዩኝ ኖሩ። አገሬ ገባሁ፣ ተገላገልኩ ስል ይህ ነገር ፊት ለፊቴ ቆሞ ጠበቀኝ። ገና ሳየው ቀልቤ አልወደደውም። ስለዚህ እኔም አየዋለሁ አልኩ። በየማለዳው የአጥራችን ጥግ ላይ ቆሜ፣ ከድንጋዩ እስኪወርድ ድረስ አፈጥበት ነበር። ከብት ሳወጣም፣ ውሃ ስቀዳም ዓይኔ እሱ ላይ ነው።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ አባዬ ኮርቻቸውን ታቅፈው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ብቅ ቢሉ ሎጋ የለችም። ጋጣው ባዶ ነው። እኔ ከአጥሩ ውጭ ያለው ገንዳ ላይ ውሃ አጠጥቼ መልሻታለሁ አልኳቸው። ያኔ ወንጌል አስይዛችሁ ብትጠይቁኝ መልሻታለሁ ብዬ እምል ነበር። ገመዷ አጥሩ ሥር ወድቋል፤ አልተቆረጠም፣ አልተበጠሰም። አባዬ ጎንበስ ብለው አነሱትና በእጃቸው ያገላብጡት ጀመር።

እኔ ግን አፌ አላረፈም። ያ ብረት ነው፣ ሌላ ማን አለ እያልኩ መንደሩን በጩኸት አናወጥኩት። ስማቸው የሚባለው ጎረቤታችን ከማሳው ሮጦ መጣ። እኩያዬ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ሰው ወሬ ሲጀምር ጨርሶ የሚሰጥ ዓይነት ነው። "ወደ ጋጣችሁ ሲመጣ አይተሽዋል?" አለኝ። አላየሁም ማለት ነበረብኝ። ዞሬ አባዬን አየኋቸው፤ ኮርቻውን መሬት ጥለው ላዩ ላይ ቁጭ ብለዋል።  አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው። ቀትር ሳይደርስ ግን ሰፈሩ ሁሉ፣ ብረቱ በቅሎዋን በጆሮዋ ይዞ ሲጎትት የአያ ውባለም ልጅ ማሪቱ በዓይኗ አየች ይል ነበር። ገመዱ ራሱ መሰከረበት። ስማቸው የተሰበሰበውን ሰው፣ ሌባ ቢሆን ከነገመዷ ይነዳት ነበር፣ ገመድ የማያስፈልገው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ዞሮ ወደ ማዶው ድንጋይ አየ። ከዚያ ወዲያ ሎጋ የተፈለገችው ብረቱ በሚሄድበት በሽቅቡ፣ በተራራው በኩል ብቻ ነው። ወደ ታች ወርዶ የፈለገ አንድ ሰው አልነበረም።

ፖሊስ ጣቢያ የሄዱት ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መርማሪው፣ ሰው ቢሆን ዛሬውኑ ባሰርኩት፣ እሱን የምከስበት አንቀጽ ግን የለኝም ብሏቸዋል። አያ መንገሻ የሚባሉ፣ በሰፈራችን ነገር ሲጠነክር የሚዳኙ አዛውንት አሉ። እሳቸው፣ እንግዲያው በአባቶቻችን ሥርዓት እናጣራው ብለው አውጫጭ ጠሩ።

አውጫጭ ዛሬ ብዙ ቦታ ቀርቷል፤ የማታውቁት ካላችሁ እንዲህ ነው። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሁሉ መስክ ላይ ይወጣል። ነገሩ ሳይጣራ ወደ ሥራው የሚሄድ የለም፤ የቀረ ወይም የሸሸ ጥፋተኛ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ምለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሰው ተራ በተራ እየቀረበ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ እነሱም ነጋሪውን ሳይገልጡ "ወፍ እንዲህ ብላለች" ብለው ለሕዝቡ ያሰማሉ። ቂም እንዳይመጣ ነው። ደግ ሥርዓት ነው፤ ያበላሸነው እኛ ነን።

ረቡዕ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው መስክ በሰው ሞላ። ስማቸውና ሁለት ጎልማሶች ድጅኖና ጠፍር ይዘው ብረቱን ሊጠሩ ወጡ፤ እምቢ ቢል ጎትተው ሊያመጡት ነው። እሱ ግን ጥሪውን እንደሰማ ቀድሟቸው ወረደ። መስኩ ዳር ደርሶ የት ልቀመጥ ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም። ሰው እየተገፋፋ ራቀው፤ እሱም በተለቀቀለት ባዶ ቦታ መሀል ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ።

ወፎቹ እስኪመሽ ሲናገሩ ዋሉ። አያ መንገሻ እየተነሱ ወፍ እንዲህ አለች ባሉ ቁጥር መስኩ ያጉረመርማል። አንዷ ወፍ ብረቱ ከጋጣው ሲወጣ ታየ አለች። ሌላዋ በቅሎዋ ስትጮህ ተሰማ አለች። ሌላዋ ደግሞ በአንድ እጁ አንስቶ ተሸከማት አለች። አሥራ አንድ ወፍ ቆጠርኩ። ሰው ምስክሩ እንዴት በዛ እያለ ይደነቃል፤ እኔ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ላብ ያጠምቀኛል። ወፎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሁሉም ማክሰኞ ከነቀነቅኩት ራሴ የወጡ ናቸው፤ በስማቸው አፍ አድገው፣ በየቤቱ ላባ አውጥተው ተመለሱ። እኔን ራሴን የጠየቀኝ ደግሞ የለም፤ በእኛ ደንብ በደል የደረሰበት ቤት ዝም ብሎ ይጠብቃል እንጂ አያንሾካሹክም።

ሲመሽ አያ መንገሻ ነገ ማለዳ እንገናኝ ብለው በተኑን። በማግስቱ ስንመጣ ብረቱ እዚያው ቦታ፣ ትናንት እንደተቀመጠ ቁጭ ብሏል። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ስለነበር ትከሻውና ጉልበቱ ነጭ ሆኗል። እሱን ሂድ ያለው ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ሳይጣራ የሚሄድ የለም የተባለውን እንዳለ ይዞት አድሯል። ከዚያ ሁሉ ሰው ደንቡን የጠበቀ እሱ ብቻ ነበር። እኔ ግን ነጠላዬን ተከናንቤ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ።

እዚያ ተቀምጬ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። በሠራሁበት ቤት በሁለተኛው ዓመቴ የእመቤቲቱ ቀለበት ጠፋ። ሦስት ቀን ክፍል ውስጥ ቆለፉብኝ። የሚያውቅሽን ሰው ጥሪ ቢሉኝ የምጠራው አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀን ቀለበቱ ከራሷ ካፖርት ኪስ ተገኘ። በኋላ ትልቋ ልጇ እንደነገረችኝ ሴትዮዋ ገና በመጀመሪያው ቀን የካሜራውን ምስል ከፍታ አይታ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከወጥ ቤት እንዳልወጣሁ ታውቃለች። አንዴ ሌባ ካለችኝ በኋላ ቃሏን ማጠፍ አሳፍሯት ነው ሦስት ቀን ዝም ያለችው። ያችን ሴት ዕድሜ ልኬን ስረግማት ኖሬያለሁ። ያን ማለዳ ግን መርገሙ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

አያ መንገሻ ተነሥተው ውሳኔውን ተናገሩ። ወፎቹ ሁሉ አንድ ቃል ናቸው፤ ሆኖም ዋስ ሳይጠራ የሚፈረድበት የለም። ብረቱ ዋስ ካገኘ በቅሎዋ እስክትገኝ ይቆያል፤ ካጣ ዛሬውኑ ከዚህ ተራራ ይወጣል። እንዴት እንደሚወጣ አልተናገሩም። ከኋላዬ ስማቸውና ጓደኞቹ ግን ተማክረው ጨርሰዋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ካለው ገደል አፋፍ በጠፍር ጎትተው ሊለቁት ነው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለብረት ማን ዋስ ይሆናል? ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

"ዋስ ጥራ" አሉት አያ መንገሻ።

"ዋስ ምንድን ነው?" አለ።

"የሚያውቅህ ሰው ነው። ቆሞ ስለ አንተ የሚናገር። ብትጠፋ በአንተ ፈንታ የሚጠየቅ።"

 ያ ጥቁር መስመር በሕዝቡ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ሰው አንገቱን እየደፋ፣ ጋቢውን እየሳበ ሸሸው። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ወይዘሮ ማሪቱን እጠራለሁ" አለ።

መስኩ በሳቅ አውካካ። ስማቸው፣ ከሳሹን ዋስ ጠራት እያለ ጭኑን ይመታል። እኔ ያሾፈብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ተነሥቼ "ምን አውቅህና ነው እኔን የምትጠራው?" አልኩት።

"በየማለዳው ያዩኛል" አለ። "ሌላ ሰው ሲያየኝ ዓይኑን ይመልሳል፤ እርስዎ አይመልሱም። ማክሰኞ የት እንደነበርኩ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።"

ሳቁ ቆመ። አያ መንገሻ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደ እኔ ዞሩ።

"ማሪቱ፣ እስካሁን ካንቺ አፍ አልሰማንም። ማክሰኞ ማለዳ ምን አየሽ?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ ጊዜ ደግሜ ራሴን ብነቀንቅ ሁሉም ያበቃል፤ የሚጠይቀኝም የለም። ሰው ፊት ዋሸሁ ከምል ብረት ገደል ቢገባ ምን ቸገረኝ ብዬ አስቤያለሁ፤ አልደብቃችሁም። ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ምን አየሽ ብሎ በትክክል የጠየቀኝ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሲጠየቅ ሰው ሳይወድ በግድ ያስታውሳል። ዓይኔ ላይ መጣ። ብረቱ ድንጋዩ ላይ ሲወጣ። ያን ቀን ፊቱን ወደ ቤታችን ሲያዞር። ደንግጬ ስደርቅ።

"ድንጋዩ ላይ ነበር" አልኩ።  "ጎህ ከቀደደ ጀምሮ አባዬ እስኪጠሩኝ ድረስ አልወረደም። ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። ወደ ጋጣችን ሲመጣ አላየሁም። ዋሽቻለሁ።"

 አባዬ ከፊት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከማክሰኞ ወዲህ ብዙም አልተናገሩም ነበር። አሁን ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"ገመዱስ የት ነበር?"

"የቱ ገመድ?" አልኩ፣ እያወቅሁ።

"የሎጋ ገመድ። አንቺ እሱን ስታዪ ገመዷ የት ነበር?"

 እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ይህን ለራሴም አልነገርኩትም። ገመዱ እጄ ላይ ነበር። ውሃ ስትጠጣ ከአንገቷ ፈትቼ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ፤ መልሼ ላስራት ስል እሱ ወደ እኛ ዞረ። አፍጥጬ ቀረሁ። እጄ መቼ እንደተከፈተ፣ ገመዱ መቼ እንደወደቀ አላውቅም። ሎጋ ከጀርባዬ ነበረች። ሌባ ስጠብቅ እሷ በገዛ እግሯ ሄዳለች።

"በእጄ ነበር አባዬ" አልኩ። "አላሰርኳትም።"

ያን ሁለት ቀን ገመዱን በትከሻቸው አንግበውት ነበር። አወረዱትና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ቀና ብለው አላዩኝም። እኔ ቆሜ አለቀስኩ። ያጽናናኝ የለም፣ አይገባኝምም ነበር።

አያ መንገሻ ወደ ብረቱ ዞሩ። ፊታቸው ተለዋውጧል። "አንተስ? ፊትህ ወደ ቤታቸው ነበር። በቅሎዋን አይተሃል?"

"አይቻለሁ። ከገንዳው ተነሥታ ወደ ታች ወረደች። ወደ ወንዙ ሸለቆ ገባች፤ አልወጣችም።"

"ሁለት ቀን ሙሉ ለምን አልተናገርክም?"

"ተራ በተራ በጆሮ ይነገር ተብሏል" አለ። "ተራዬን ጠበቅሁ። አልጠራችሁኝም።"

እውነቱን ነው። ሕዝቡ ሁሉ በተራ ወደ ዛፉ ሲጠራ እሱን ዘለውታል። አሥራ አንድ ያላዩ ወፎች ሰምተን ያየውን አንዱን አልጠራነውም።

ጎልማሶቹ ቁልቁል ሮጡ። እኔም ሮጥኩ። ሎጋን ቀድሞ ያገኛት ስማቸው ነው። የፊት እግሯ በሁለት ድንጋይ መሀል ተቀርቅሮ ተሰብሯል። ጅብ አግኝቷታል፤ ደሙ ገና አልደረቀም፣ ያለፈው ሌሊት ነው። በዙሪያዋ ያለው ሣር አንገቷ እስከሚደርስበት ድረስ ክብ ሆኖ እስከ ሥሩ ተግጧል። ሁለት ቀን ሙሉ በሕይወት ነበረች። እኛ ከሷ በላይ፣ ብንጠራት በምትሰማን ርቀት ላይ መስክ ተቀምጠን ወፍ ስናዳምጥ፣ እሷ እዚያ ሣር እየጋጠች ቆይታለች። ስማቸው በእጁ የቀረውን ጠፍር ሣሩ ላይ ጣለና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ለአባዬ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ሣሩንም ነገርኳቸው። "ጠብቃናለቻ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉኝም። እስከ ዛሬም ደግመው አንስተውብኝ አያውቁም፤ ቢያነሱት ይሻለኝ ነበር።

የአውጫጩ ነገር በዚህ አላበቃም። አያ መንገሻ ሕዝቡ ሳይበተን፣ እሱ ጠርቶሻል፣ አንቺም ቆመሽ ተናግረሽለታል፣ እንግዲህ ዋሱ ነሽ አሉኝ። ለወግ ያሉት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ማለዳ የአጥራችን ጥግ ላይ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ ብረቱ ቆሟል።

"ወይዘሮ ማሪቱ፣ ዛሬ እስከ ላይኛው ምንጭ እሄዳለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እመለሳለሁ።"

ለምን እንደሚነግረኝ ጠየቅሁት። ብጠፋ እርስዎ ይጠየቃሉ አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ማለዳ አላጓደለም። ወዴት እንደሚሄድ ነግሮኝ ይሄዳል፣ ሲመለስም መመለሱን ይነግረኛል። መጀመሪያ ላይ ጨነቀኝ፣ ቀጥሎ ሰለቸኝ፣ በኋላ ሲዘገይ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ መንገድ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ደፍሬ፣ ሁላችንም እርስ በርሳችን ስንጠያየቅበት የነበረውን ነገር ጠየቅሁት። ያ ድንጋይ ላይ ቆመህ የምታየው ምንድን ነው አልኩት።

"ከዚያ ሁሉም ቤት ይታያል" አለ። "ማን ወደ እኔ እንደሚመጣ አያለሁ። በእጁ ምን እንደያዘም አያለሁ።"

 እኔ እሱን ፈርቼ ሳፈጥ እሱም እኛን ፈርቶ ሲያፈጥ ነበር የከረመው፤ በመሀላችን ሎጋ ወጥታ ሄደች። ድጅኖና ጠፍር የያዙትን ባየ ጊዜ ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁትም።

አባዬ ለታቦቱ ንግሥ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲሰናዱ ብረቱ፣ ልሸከምዎት አላቸው። አባዬ ተቆጡ፤ እንግዳ ላይ አይወጣም አሉት። ግን ክንዱን ያዙ። ግማሽ ቀን ፈጅቶባቸው፣ እያረፉ ሄዱ፤ እኔ ባዶ እጄን ከኋላ ተከተልኩ። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ቆሞ ያየን ነበር።

ስፌት ቤቱን ለመክፈት ወደ ደብረ ታቦር ስወርድ ብረቱ፣ ዋሴ ከሄዱ እኔ ለማን ልናገር አለኝ። አባዬ ከደጃፉ ሆነው፣ ለእኔ ይንገረኝ አሉ። አሁን ስደውልላቸው እንዴት ዋሉ ስላቸው "ብረቱ ዛሬ ወደ ምንጩ ሄዷል፣ ይመለሳል" ይሉኛል።

ይህን ያነበባችሁ፣ እነሱን እመኑ ልላችሁ አይደለም። እኔ ራሴ ፍርሃቴ አለቀቀኝም። ያ ጥቁር መስመር ሲዞርብኝ ዛሬም ይቀፈኛል፤ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ ዛሬም አላውቅም፣ እሱም አልነገረኝም። ፍርሃት ደግሞ ኃጢአት አይደለም። እኔን ያጠፋኝ መፍራቴ ሳይሆን ያየሁትንና የፈራሁትን መለየት አለመቻሌ ነው፤ መዋሸቴን እያወቅሁም ሁለት ቀን ዝም ማለቴ ነው። ያች የዓረብ ሴትዮ ዛሬ ብትገጥመኝ ምን እንደምላት አላውቅም። እንደ ድሮው ግን አልረግማትም።

ትናንት ያ የባጃጅ ሾፌር ሱሪውን ሊወስድ መጣ። የአጎቴ በግ ጠፍታለች፣ ከብረቶቹ ሌላ ማን ይወስዳታል ብሎ መሐላውን ጀመረ። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፍቼ የአባዬን ጥያቄ ጠየቅሁት።

"ገመዷስ የት ነበር?"